ዩ እስክትመጣ አትጠብቁ

ስክራብል በሚባለው የእንግሊዝኛ የቃላት ጨዋታ 100 ትናንሽ ጠጠሮች አሉ። ሁለቱ ባዶ ናቸው፤ በቀሩት 98 ላይ ፊደል ተጽፎባቸዋል፤ እያንዳንዱ ፊደልም ዋጋ አለው። ከሁሉም ውዶቹ ኪው እና ዜድ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 10 ነጥብ ያወጣሉ። ይሁን እንጂ ጀማሪ ተጫዋች እጁን ወደ ከረጢቱ ሰድዶ ኪውን ሲያወጣ ደስ አይለውም፤ ይደነግጣል።

ድንጋጤው የሚመጣው ከትምህርት ቤት ይዘነው ከወጣነው ሕግ ነው። ኪው ብቻውን አይቆምም፣ ከኋላው ዩ ትከተለዋለች ተብለን ተምረናል። ኩዊን፣ ኩዊክ፣ ኩዌስሽን፣ ኩዋሊቲ፤ የምናውቃቸው ቃላት በሙሉ ለዚህ ሕግ ይመሰክራሉ። ስለዚህ ኪው የደረሰው ሰው መጠበቅ ይጀምራል። ዩ በጨዋታው ውስጥ 4 ብቻ ናት። ሁለቱ ተጋጣሚው እጅ ገብተው ይሆናል፤ ሌላዋ ከረጢቱ ሥር ተቀብራ ይሆናል። እሱ ግን ይጠብቃል። ሰባት ጠጠር ይዞ በስድስት ብቻ ይጫወታል፤ ተራው በመጣ ቁጥር ያቺን አንዷን ጠጠር ወደ ጥግ ገፋ ያደርጋታል። ጨዋታው ሲያልቅ ኪው እጁ ላይ ይቀራል። ያን ጊዜ 10 ነጥብ ይቀነስበታል፤ ጠጠሩን ቀድሞ ለጨረሰው ተጋጣሚው ደግሞ ያው 10 ይጨመርለታል። ውድ የነበረው ፊደል ዕዳ ሆኖ አረፈው።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚህ ጠባቂ ነው። ስክራብል ተጫውቶ የማያውቅ ቢሆንም፣ ዋጋ ያለው ነገር በእጁ ይዞ «አንድ ነገር ብቻ ጎደለኝ» እያለ ዓመታት ለሚያሳልፍ ወንድሜና እህቴ ነው።

አሁን በሌላ ሰሌዳ ላይ ኪው የደረሳትን ሌላ ተጫዋች እንያት። እሷ ሁለት ፊደል ብቻ ያላት አንዲት ቃል ታውቃለች፤ ኪው እና አይ። «ቺ» ተብላ ትነበባለች። ኪውን የፊደልን ዋጋ ሦስት እጥፍ በሚያደርግ ቤት ላይ አስቀምጣ ቃሏን ወደ ጎንም ወደ ታችም እንድትነበብ ካደረገቻት፣ በአንድ ተራ 62 ነጥብ ታገኛለች። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 10 በ3 ሲባዛ 30፣ የአይ 1 ሲጨመር 31፣ ሁለት ጊዜ ሲሆን 62። ሰባቱንም ጠጠሮች በአንዴ አውርዶ ረጅም ቃል የሠራ ሰው የሚሸለመው ተጨማሪ ነጥብ 50 ነው። የሁለቱ ተጫዋቾች ዕድል እኩል ነበር፤ የደረሳቸውም ያው ፊደል ነው። ልዩነታቸው አንዲት ትንሽ ቃል ማወቅና አለማወቅ ነው።

ቺ ከቻይና የመጣች ቃል ናት። በቻይናውያን ጥንታዊ አስተሳሰብ በሰው ሰውነት ውስጥ የሚዘዋወር የሕይወት ኃይል፣ እስትንፋስ ማለት ናት። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1958 ቋንቋዋን በላቲን ፊደል የምትጽፍበትን ሥርዓት ስታጸድቅ፣ ለ«ች» ለሚቀርበው ድምፅ ኪውን መደበችለት። ቃሏ በሰሜን አሜሪካ የስክራብል የቃላት ዝርዝር ውስጥ የገባችው በ2006 ነው። ከዚያ ወዲህ በውድድር ሰሌዳዎች ላይ በብዛት ከሚወርዱ ቃላት አንዷ ሆናለች፤ ኪው የደረሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልጋት እሷን ነው።

ቺ ብቻዋን አይደለችም። ኪው፣ ኤ፣ ቲ ብላችሁ ብትጽፉ «ቃት» ይሆናል፤ የእኛው ጫት ነው። ቅጠሉን ለማንም አልመክርም፣ ቃሉን ግን ያዙት። ኤስ፣ ዩ፣ ኪው ብላችሁ ብትጽፉ «ሱቅ» ይሆናል፤ በዓረብኛ ገበያ ማለት ነው፣ እኛ ደግሞ ለጎረቤታችን መደብር የሰጠነው ስም ነው። እዚህ ላይ ዩ አለች፤ ነገር ግን እንደ ሕጉ ከኋላ መከተሏ ቀርቶ ከፊት ቀድማለች። «ቃዲ» አለ፤ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚዳኘው ዳኛ። «ቃኢድ» አለ፤ በሰሜን አፍሪካ አለቃ ወይም የጦር መሪ። «ፈቂር» አለ፤ ቃሉ በዓረብኛ ድሃ ማለት ሲሆን ዓለምን ንቆ የሚኖር ሃይማኖተኛ የሚጠራበት ነው። «ኒቃብ» አለ፤ «ቡርቃ» አለ። «ቆፍ» ደግሞ የዕብራይስጥ 19ኛው ፊደል ስም ነው። ዳዊት የደገመ ሰው ይህን ስም አሁን ከእኔ መስማት አያስፈልገውም፤ በመዝሙር 118 ላይ ከአሌፍና ከቤት ጀምሮ ምዕራፉን ከሚከፋፍሉት የፊደል ስሞች አንዱ ነው። የእኛ ቀ የግዕዝ ስሙ ቃፍ መሆኑን ስታስቡ ቆፍና ቃፍ የአንድ ቤተሰብ ልጆች መሆናቸው ወዲያው ይገባችኋል።

እባካችሁ እነዚህን ቃላት ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው። ቃት፣ ሱቅ፣ ቃዲ፣ ቆፍ፣ ፈቂር፣ ኒቃብ። ለአማርኛ ተናጋሪ ጉሮሮ አንዳቸውም አይከብዱም። እንግሊዝኛ ግን ቀ የሚባል ድምፅ የለውም። ታዲያ ኪውና ዩ እንዴት ተጣመሩ? ሮማውያን ኪውን ከዩ ጋር አጣምረው ይጽፉ ነበር። የጥንቶቹ እንግሊዞች ንግሥት ለማለት የሚጽፉት ቃል በሲና በደብልዩ ይጀምር ነበር፤ ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የፈረንሳይኛን ልማድ የሚከተሉ ጸሐፊዎች በኪውና በዩ ተኩት። ስለዚህ «ኪው ያለ ዩ አይሄድም» የሚለው ሕግ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ የጸሐፊዎች ልማድ ነው። ከዘመናት በኋላ እንግሊዞች የዓረቡንና የዕብራዊውን ቃል በፊደላቸው መጻፍ ሲፈልጉ ያ ድምፅ ማደሪያ አጣ፤ ያን ጊዜ ኪውን ከዩ ለይተው ለብቻው አቆሙት። በዓረብኛው ያለው ድምፅ ከእኛ ቀ ጥቂት ይለያል፣ ዝምድናቸው ግን አይካድም።

ይህ እኔን እጅግ ደስ የሚያሰኘኝ ነገር ነው። ለለንደን ወይም ለቺካጎ ልጅ እንግዳና አስቸጋሪ የሆነው የቃላት ክፍል፣ አዲስ አበባ ወይም ሐረር ላደገ ሰው ግማሹ የቤቱ ነው። ጅዳ ወይም ዶሃ ሠርታ የተመለሰች እህታችንማ ትርጉሙን ሳይቀር ከማንም በላይ ታውቃለች። እንግሊዝኛ የሌሎች ሀብት ነው፣ እኛ ደጁ ላይ የቆምን ለማኞች ነን ብላችሁ አስባችሁ ከሆነ ይህን አስተሳሰብ ዛሬውኑ ጣሉት። በዚያው ዝርዝር ውስጥ በአር፣ በኤ፣ በኤስ የተጻፈ ባለ ሦስት ፊደል «ራስ» አለ፤ የእኛው የማዕረግ ስም ነው። «ብር» አለ፤ «ጤፍ» አለ፤ «እንጀራ» አለ። ጭላዳ ዝንጀሮ በእንግሊዝኛ የሚጠራው ከዚሁ ከአማርኛ ስሙ በተወሰደ ቃል ነው። ትልቁ ቋንቋ ትልቅ የሆነው ትንሽ ቃል ከየትም ቢመጣ ተቀብሎ ስላኖረ ነው።

አጫጭሮቹን ቃላት የሚያጠና ሰው ዓለምን ይዞራል ብል ማጋነን አይደለም። ሁለቴ ኤ ብላችሁ ጻፉ፤ በሃዋይ ቋንቋ ሻካራና ስለታማ ሆኖ የሚረጋ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ነው። ኤ እና አይ፤ በደቡብ አሜሪካ ዛፍ ላይ የሚኖር፣ ሦስት ጥፍር ያለው፣ እጅግ ቀርፋፋ እንስሳ ነው። ኬ እና ኤ፤ በጥንታዊት ግብጽ እምነት የሰው መንፈስ። ኤክስ እና ዩ፤ በቬትናም ድሮ ይሠራበት የነበረ ሳንቲም። ጄ እና ኦ፤ በስኮትላንድ ውዴ፣ ፍቅሬ። ዜድ እና ኤ፤ አሜሪካዊው ወጣት ፒዛን ሲያቆላምጥ የሚላት። በሰሜን አሜሪካውም ሆነ በሌላው ዓለም ውድድር የሚፈቀዱት ባለ ሁለት ፊደል ቃላት ከ100 ጥቂት ቢበልጡ ነው። ቪ የገባበት ባለ ሁለት ፊደል ቃል ደግሞ በጭራሽ የለም፤ የሌለውንም ማወቅ ሰውን ከከንቱ ፍለጋ ያድነዋል።

የጨዋታውን ፈጣሪ ታሪክ የማያውቅ ካለ እነሆ። አልፍሬድ በትስ የኒው ዮርክ አርክቴክት ነበር። ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ አሜሪካን ሲመታ በ1931 ሥራውን አጣ። ሕንፃ የሚያሠራ በሌለበት ዘመን የአርክቴክት እውቀት ለማን ይሸጣል? በትስ ኢኮኖሚው እስኪያገግም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ጋዜጣ ነበረው፤ እርሳስ ነበረው። የኒው ዮርክ ታይምስን የፊት ገጽ ዘርግቶ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ መቁጠር ጀመረ። ብዙ የሚመጣው ፊደል ብዙ ጠጠርና ትንሽ ነጥብ ተሰጠው፤ ጥቂት የሚመጣው ጥቂት ጠጠርና ብዙ ነጥብ። ዛሬ 12 ኢ እና አንድ ኪው የምናገኘው ከዚያ ቆጠራ የተነሳ ነው። ኤስን ደግሞ ሆን ብሎ ወደ 4 አወረዳት፤ ቃልን ሁሉ ብዙ ቁጥር እያደረገች ጨዋታውን እንዳታቀልለው።

ፋብሪካዎች ፈጠራውን አንፈልግም አሉት። ስሙን ቀየረው፣ ሰሌዳ ጨመረለት፣ አሁንም እምቢ አሉት። ጄምስ ብሩኖት የሚባል ሰው ጨዋታውን ተረክቦ ስክራብል የሚለውን ስም የሰጠው በ1948 ነው። በ1949 ብሩኖት 2,400 ስብስብ ሠርቶ 450 ዶላር ከሰረ። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ትእዛዙ እየጎረፈ ማዳረስ አቃተው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ልቤን የሚነካው ያ የመጀመሪያው ቆጠራ ነው። ሥራ ያጣ ሰው በየቤቱ ያለውን ጋዜጣ ዘርግቶ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ፊደል ቆጠረ። ከሥራ አጥነት የከበደ ምን አለ? ከጋዜጣና ከእርሳስ የቀለለስ ምን አለ?

አሁን ወደ አፍሪካ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 በአውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ በተካሄደው የእንግሊዝኛ ስክራብል የዓለም ሻምፒዮና ናይጄሪያዊው ዌሊንግተን ጂጌሬ ለፍጻሜ ቀረበ። ተጋጣሚው እንግሊዛዊው ሉዊስ ማኬይ ነበር። ጂጌሬ 4 ለ 0 አሸነፈው፤ ይህን ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው አፍሪካዊም ሆነ። በጊዜው የአገሩ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሙሐማዱ ቡሃሪ ስልክ ደውለው እንኳን ደስ አለህ አሉት። እዚያ የደረሰው በአንድ ሌሊት አልነበረም፤ ከስምንት ዓመት በፊት በሙምባይ በተደረገው ሻምፒዮና ሦስተኛ ወጥቶ ነበር።

የናይጄሪያ ተጫዋቾች የሚታወቁበት አንድ ስልት አለ፤ ከረጅም ቃል ይልቅ አራትና አምስት ፊደል ያለውን ይመርጣሉ። ለብዙ ዘመን የዓለም ተጫዋቾች ሕልም ሰባቱንም ጠጠር በአንዴ አውርዶ 50ዋን ሽልማት መውሰድ ነበር። ሕልሙ መጥፎ አይደለም፤ ግን ዋጋ አለው። ረጅም ቃል የሠራ ሰው እጁ ባዶ ይሆናል፤ ቀጥሎ የሚወጣለትን አያውቅም። ሰሌዳውንም ለተጋጣሚው ይከፍትለታል። የአምስት ፊደል ቃል የሠራ ሰው ግን ሁለት ጥሩ ጠጠር ለቀጣዩ ተራ ያስቀራል፤ በሩንም ይዘጋል። ጂጌሬ በፍጻሜው ላይ ካወረዳቸው ቃላት አንዱ «ፌልቲ» ነበር፤ ተጠቅጥቆ የተሠራ የሱፍ ጨርቅ የመሰለ ማለት ነው። አምስት ፊደል፣ 36 ነጥብ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው የአባቶቻችን አባባል ስክራብል ሰሌዳ ላይ ሲፈታ ይህን ይመስላል፤ ናይጄሪያውያኑ ብብታቸውን አጥብቀው ያዙ።

በዚያው በ2015 ሌላ አስደናቂ ነገር ሆኗል። ኒውዚላንዳዊው ናይጀል ሪቻርድስ ፈረንሳይኛ መናገር ሳይችል የፈረንሳይኛን የቃላት ዝርዝር በጥቂት ሳምንታት ሸምድዶ ቤልጂየም ውስጥ የተካሄደውን የፈረንሳይኛ ስክራብል ሻምፒዮና አሸነፈ። በ2024 ደግሞ በስፓንኛ ይህንኑ ደገመው። ለዚህ ሰው ትዕግሥት ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ለእናንተ የምመክረው ግን የእሱን መንገድ አይደለም። እሱ ዋንጫ ፈልጎ ነበር፣ አገኘውም። እናንተ የምትፈልጉት በሕይወታችሁ የምትሠሩበትን ቃል ስለሆነ ትርጉሙን አብራችሁ ያዙ። ቆፍ ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ቆፍን አይረሳትም፤ የት እንዳገኛት ያውቃልና።

እንግሊዝኛን ለመማር ደፋ ቀና የምትሉ ሁሉ ይህን ልብ በሉ። ቻርልስ ኦግደን የሚባል እንግሊዛዊ ምሁር በ1930 ቤሲክ ኢንግሊሽ ያለውን ቀለል ያለ እንግሊዝኛ በ850 ቃላት አዘጋጀ። በዚያ ውስጥ ያስቀመጣቸው ግሦች 18 ብቻ ናቸው። ካም፣ ጌት፣ ጊቭ፣ ጎ፣ ኪፕ፣ ሌት፣ ሜክ፣ ፑት፣ ሲም፣ ቴክ፣ ቢ፣ ዱ፣ ሃቭ፣ ሴይ፣ ሲ፣ ሴንድ፣ ሜይ፣ ዊል። በላቲን ፊደል ጽፋችሁ ቁጠሯቸው፤ ከአራት ፊደል የሚያልፍ አንድም የለም። ከእነዚህ ጋር እንደ ኦን፣ ኦፍ፣ አፕ ያሉትን ቁንጽል ቃላት ስታጣምሩ ሌላ በር ይከፈታል። ፑት ኦን ማለት መልበስ ነው። ፑት ኦፍ ማለት ለሌላ ቀን ማዘግየት ነው። ጊቭ አፕ እጅ መስጠት፣ ጎ ኦን መቀጠል። አንድ ሰው ሦስት መቶ ገጽ የሰዋስው መጽሐፍ እስኪጨርስ አፉን ዘግቶ ከሚኖር፣ እነዚህን 18 ግሦች ይዞ ዛሬ ገበያ ቢወጣ፣ ቢጠይቅ፣ ቢመልስ፣ ቢሳሳትም ቢታረም ይሻለዋል።

ይህን የምለው በተለይ ወደ አሜሪካ ወይም ወደ እንግሊዝ ገብታችሁ ሰው ፊት መናገር ለምትፈሩ ወገኖቼ ነው። ሐኪም ፊት ቀርባችሁ የሚያማችሁን ለመንገር የሚያስፈልጋችሁ ረጅም ቃል አይደለም። ሕመም በእንግሊዝኛ አራት ፊደል ነው፤ እርዳታም አራት ፊደል ነው፤ አሁን የሚለው ቃል ደግሞ ሦስት። ቋንቋው ራሱ ለሰው ልጅ እጅግ የሚያስፈልጉትን ነገሮች አሳጥሮ ነው ያስቀመጠላችሁ። እንግሊዝኛዬ ሲሟላ እናገራለሁ የሚል ሰው የሚናገርበት ቀን እየራቀ ይሄዳል፤ የሚሟላው በመናገር ነውና።

ቃላቱን በአእምሮ ማቆየት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ በ1885 ስለ ማስታወስ ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። እሱ ራሱ ላይ ለሞከረው ጥናት ያዘጋጀው ወደ 2,300 የሚሆኑ ትርጉም የሌላቸው አጫጭር ክፍለ ቃላት ነበር፤ አብዛኞቹ ሦስት ፊደል ናቸው። ያገኘው ውጤት ሁለት ነገር ያስተምራል። የተማርነው ነገር በጣም የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው። በአንድ ቀን ብዙ ጊዜ ከመድገም ይልቅ ድግግሞሹን በቀናት መካከል መበተን የተሻለ ያቆያል። የቆሎ ተማሪ ይህን ያለ ጀርመን ምሁር ያውቀዋል፤ የትናንቱን ቀለም ሳይከልስ የዛሬውን አይቀበልም።

እንግዲህ ከዚህ ተነሡና እንዲህ አድርጉ። ዛሬ ማታ አምስት አጫጭር ቃላትን ከነትርጉማቸው በትንሽ ወረቀት ላይ ጻፉ። ቺ፣ ቃት፣ ሱቅ፣ ቃዲ፣ ቆፍ ቢሆኑ ደስ ይለኛል፤ ሥራችሁ የሚፈልጋቸው ሌሎች ካሉም እነሱ ይሻላሉ። ነገ ጠዋት ወረቀቱን ሸፍናችሁ በቃል ሞክሯቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ድገሙ፣ ከሳምንት በኋላ ድገሙ። አዲስ አምስት ስትጨምሩ አሮጌዎቹን አትጣሉ። በዚህ ፍጥነት፣ በቀን አምስት ብቻ እየጨመረ፣ አንድ ሰው የጨዋታውን ባለ ሁለት ፊደል ቃላት በሙሉ በአንድ ወር ውስጥ ይጨርሳል።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን ሐቀኛ አልሆንም። መጠበቅ ሁሉ ስንፍና አይደለም። ጎበዝ ተጫዋች ሰሌዳው ከተዘጋበት ኪውን ወደ ከረጢቱ መልሶ ሌላ ጠጠር ይለውጣል፤ ለዚህም አንድ ተራ ይከፍላል። አስቦ የከፈለው ስለሆነ ኪሳራ አይባልም። ዩ ልትወጣ የምትችልበት ዕድል ሰፊ ሲሆን አንድ ተራ መታገሥም ያዋጣል። ጥፋቱ ሳያሰሉ መጠበቅ ነው፤ ከረጢቱ ውስጥ ስንት ዩ እንደቀረ ሳይቆጥሩ፣ ሌላ ቃል መኖሩን ሳይፈልጉ፣ ልማድ ስላለ ብቻ መቀመጥ ነው።

በእኛ ሕይወት ውስጥ ዩ ብዙ ስም አላት። ለአንዱ ካፒታል ናት፤ ብድር ሲፈቀድልኝ እጀምራለሁ ይላል። ለሌላው ቪዛ ናት፤ እዚያ ስደርስ እማራለሁ ይላል። ልብስ መስፋት የምትችል ሴት ትልቅ መኪና እስክትገዛ ትጠብቃለች፤ የጎረቤቷ ልጅ ዩኒፎርም ግን ዛሬ ተቀዶ መርፌና ክር ይፈልጋል። መጻፍ የሚወድ ወጣት ኮምፒውተር እስኪኖረው ይጠብቃል፤ ደብተሩ ግን ግማሹ ባዶ ነው። ካፒታሉም፣ ቪዛውም፣ መኪናውም፣ ኮምፒውተሩም ጠቃሚ ናቸው፤ አልከራከርም። ሲመጡ በደስታ ተቀበሏቸው። ነገር ግን እስኪመጡ ድረስ ባላችሁ ነገር የሚሠራ ትንሽ ቃል መኖሩን ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ አለ። ያልታየን ትንሽ ስለሆነ፣ በትምህርት ቤት ስላልተነገረን፣ ወይም እኛው ዘንድ ያለና የለመድነው ስለሆነ ነው።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ይህን ጽሑፍ ካስቀመጡ በኋላ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። በእጅዎ ይዘው ወደ ጥግ የገፉትን ያንን አንዱን ነገር፣ ሙያም ይሁን ሐሳብ፣ ስሙን በወረቀት ይጻፉት። ከጎኑ ምን እንደሚጠብቁለት ይጻፉ። ከሥሩ ደግሞ ያ የሚጠብቁት ነገር ባይመጣ እንኳ በዚህ ሳምንት ሊሠሩበት የሚችሉትን ትንሽ ሥራ ይጻፉና ከእሱ ይጀምሩ።